ችግሩ የልጁ ሆኖ ሳለ ለምን እኔ እሰለጥናለሁ?

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፣ ሕጻን ልጅ አልታዘዝ ሲል፣ ሲማታ፣ ሲናከስ ወላጅ ምን ያድርግ የሚል። የመጀመሪያዋን እናት ጥያቄ ሰፋ አድርጌ መልሻለሁ ምክንያቱም የሷን መልስ ሳያነቡ የሌሎቹን መረዳት ይከብዳል።

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። አምዱን ሁሌ አነባለሁ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ወንድ ልጄ 4 ዓመት ከ5 ወሩ ነው፣ ከ2 ዓመቱ ጀምሮ ቁጣው ከአቅሜ በላይ ሆኗል። ጫማ አድርግ ስለው መሬት ላይ ወድቆ ይራገጣል፣ ታናሽ እህቱን ይነክሳል፣ ባለፈው ስልክ ስቀበለው ፊቴን ቧጨረኝ። ከመዋዕለ ሕጻናትም ሁለት ጊዜ ተጠርቻለሁ። ተቆጥቻለሁ፣ ለምኜዋለሁ፣ ስጦታ ገዝቼለታለሁ፣ እውነቱን ለመናገር መትቼውም አውቃለሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ሀኪሙ ወደ ቴራፒስት ላከን። እኔ የመሰለኝ ልጁን ለብቻው አናግራ አስተካክላ የምትመልስልኝ ነበር። እሷ ግን ጆሮዬ ላይ ኢርፎን አስደርጋ እኔንና ልጁን ክፍል ውስጥ አስገብታ ራሷ ከመስታወት ጀርባ ሆና "አሁን እንዲህ በይው፣ አሁን ዝም በይ" ትለኛለች። ይኸው 4 ሳምንታችን፣ በብሎክ መጫወት ብቻ! ስለ ቅጣት ትንፍሽ አላለችም። ባለቤቴ "መጫወትማ ቤትም እንጫወታለን" ብሎ አኩርፏል። እኔ ደግሞ መጥፎ እናት ነሽ የተባልኩ ነው የመሰለኝ። ችግሩ የልጁ ሆኖ ሳለ ለምን እኔ እሰለጥናለሁ? ልቀጥል ወይስ ልተወው?

የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ፣ እባክሽ እንዳትተዪው። አሁን ያለሽበት ቦታ ብዙ እናቶች ተስፋ የሚቆርጡበት ቦታ ነው፣ እኔም ስሰራ ደጋግሜ ያየሁት ይሄንኑ ነው፣ ሦስተኛው አራተኛው ሳምንት ላይ "ምን እየሰራን ነው ግን?" ይመጣል።

መጥፎ እናት ነሽ ያለሽ የለም። ለምን አንቺ እንደምትሰለጥኚ በሂሳብ ላሳይሽ፣ ሳምንት ውስጥ 168 ሰዓት አለ፣ ቴራፒስቷ ልጁን የምታገኘው አንዱን ሰዓት ነው፣ 167ቱን እናንተ ጋ ነው። በዛ ላይ የ4 ዓመት ልጅ ክሊኒክ ውስጥ የሰማውን ምክር ይዞ ሄዶ ከ3 ቀን በኋላ ቤት ውስጥ በንዴት ሲቃጠል ትዝ ብሎት "አሃ እንዲህ ተብዬ ነበር" የሚልበት ዕድሜ ላይ አይደለም። እዛው ንዴቱ ጋ ያለው ሰው ነው ሊረዳው የሚችለው፣ እሱ ሰው ደግሞ አንቺ ነሽ፣ አባቱም።

የምትሄጂበት ሕክምና የወላጅና የልጅ መስተጋብር ቴራፒ ይባላል፣ ባለሙያዎቹ ፒሲአይቲ ነው የሚሉት። ከ2 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ልጆች የተሰራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሺላ አይበርግ የምትባል አሜሪካዊት ሳይኮሎጂስት ናት የጀመረችው። ከሷ በፊት ኮንስታንስ ሃንፍ የምትባል ሌላ ሳይኮሎጂስት ወላጆችን ከልጆቻቸው ጋር እያሉ እያየች በሁለት ደረጃ ታሰለጥን ነበር፣ መጀመሪያ ጨዋታ ከዛ ትዕዛዝ፣ አይበርግ ያንን ቅርጽ ወስዳ ነው ያሳደገችው። ሁለት ደረጃ የሆነበት ምክንያት አለው። ዳያና ባውምሪንድ በ1960ዎቹ የወላጆችን አስተዳደግ ስታጠና ልጆቻቸው ጥሩ ሆነው የተገኙት ፍቅርም ጥብቅነትም አንድ ላይ የያዙት ወላጆች ናቸው፣ ፍቅር ብቻ ያለውም ጥብቅነት ብቻ ያለውም እንደነሱ አልሆነም። አሁን አንቺ ያለሽበት የፍቅሩ ደረጃ ነው፣ ጥብቅነቱ ይመጣል፣ ቴራፒስትሽ ረስታው አይደለም።

አሁን የናንተ ቤት ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ ልንገርሽ፣ እዚህ ላይ ታገሺኝ ትንሽ ይረዝማል። ጄራልድ ፓተርሰን የሚባል ተመራማሪ አስቸጋሪ ልጆች ያሉባቸውን ቤተሰቦች ቤታቸው ድረስ እያስጠና ማን ምን አለ፣ ከዛ ምን ተደረገ የሚለውን በዝርዝር እያስመዘገበ ያገኘው ነገር አለ። ባንቺ ጫማ ልውሰደው። "ጫማ አድርግ" ትያለሽ፣ ይጮሃል። ጮክ ብለሽ ትደግሚዋለሽ፣ ይብስበታል፣ ይወድቃል ይራገጣል። ሰዓቱ እየረፈደ ነው፣ ደክሞሻል፣ በቃ ራስሽ ታደርጊለታለሽ፣ ዝም ይላል። ምን ተማረ? በደንብ ከጮህኩ ትዕዛዙ ይቀራል። አንቺስ ምን ተማርሽ? ከተውኩት ጸጥታ ይመጣል። ሁለታችሁም እየተሸለማችሁ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ነገም ይደገማል። ሌላ ቀን ደግሞ ትመችውና እሺ ይላል፣ ያኔ ደግሞ መምታት የሚሰራ ይመስልሻል፣ ግን በሚቀጥለው ያው ምት አይበቃም፣ እሱም ከፍ ያደርጋል አንቺም ከፍ ታደርጊያለሽ፣ በዛ ላይ የተናደደ ትልቅ ሰው ትንሹን እንደሚመታ አሳየሽው፣ እሱ ደግሞ ከሱ የምታንሰውን እህቱን አገኘ። ይሄን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም እህቴ፣ ይሄ አዙሪት ውስጥ የሚገቡት ልጃቸውን የሚወዱ የደከሙ ሰዎች ናቸው፣ ማናችንም ብንሆን በዛ ድካም ውስጥ እንገባበታለን። አዙሪቱ የሁለት ሰው ስለሆነ ግን አንደኛው ሰው ከወጣ ይቆማል፣ ከሁለታችሁ መጀመሪያ መውጣት የሚችለው ደግሞ ትልቁ ነው።

ታዲያ ብሎኩ ምን ያደርጋል? ያንቺ ልጅ ባሁኑ ሰዓት ያንቺን ሙሉ ትኩረት የሚያገኘው መቼ ነው፣ ሲነክስ ነው። ዝም ብሎ ሲጫወት አንቺ "እፎይ" ብለሽ ስራሽን ትሰሪያለሽ (ማን አይሰራም?)፣ ሲማታ ግን ሮጠሽ ትመጫለሽ፣ ታዪዋለሽ፣ ታወሪዋለሽ። ለሕጻን ልጅ የቁጣ ትኩረትም ትኩረት ነው። እነዚህ 4 ሳምንታት ይሄን እየገለበጣችሁት ነው ያላችሁት፣ ትኩረትሽ ጥሩ ነገር ሲሰራ እንዲመጣ፣ ለቀላል ብልግና ደግሞ እንዲጠፋ።

ኢርፎኑ ውስጥ የምትሰሚያቸውን ነገሮች እስቲ ልብ በያቸው፣ አምስት ዓይነት ናቸው። የሰራውን ነገር ለይቶ ማመስገን፣ ያለውን መልሶ ማለት፣ የሚሰራውን አብሮ መስራት፣ የሚሰራውን እንደ ኳስ ጨዋታ ዘጋቢ በቃል መግለጽ፣ እና ደስ ብሎሽ መጫወት። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ልቁም። እኛ "ጎበዝ" የምትል ቃል አለችን፣ ለሁሉም ነገር እንጠቀምባታለን፣ ልጁ ግን በምኑ ጎበዝ እንደተባለ አያውቅም። "ብሎኩን ቀስ ብለህ ስላስቀመጥክ ደስ ብሎኛል" ብትይው ግን ቀስ ማለት የሚባለውን ነገር ይደግመዋል። ያለውን መልሶ ማለት ደግሞ ቀላል ነው፣ "ትልቅ ፎቅ!" ሲል "አዎ ትልቅ ፎቅ ነው የሰራኸው" ማለት፣ በቃ፣ እየሰማሁህ ነው ማለት ነው። መግለጹ ለብዙ ወላጅ መጀመሪያ ያሳፍራል፣ "ቀዩን ሰማያዊው ላይ አደረግከው፣ አሁን ሌላ እየፈለግክ ነው" እያሉ ማውራት እንግዳ ነገር ነው፣ ግን የልጁ ሐሳብ ከያዘው ነገር ሳይበተን እንዲቆይ ያግዛል፣ የማይረጋ ልጅ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይታያል።

የሚከለከሉት ሦስት ናቸው፣ ትዕዛዝ፣ ጥያቄ እና ትችት። ጥያቄ ለምን ተከለከለ ብለሽ ትገረሚ ይሆናል። "ይሄ ምን ቀለም ነው? ይሄስ ምንድነው? ለምን እዛ አደረግከው?" እያልን ስንጫወት ጨዋታውን ከሱ ነጥቀን ፈተና እያደረግነው ነው፣ ግማሹ ጥያቄያችን ደግሞ የተደበቀ ትዕዛዝ ወይ ነቀፋ ነው።

እዚህ ጋ ለባለቤትሽ መልስ አለሽ። "ቤትም እንጫወታለን" ላለው፣ ዛሬ ማታ 5 ደቂቃ ከልጁ ጋር ይጫወትና አንቺ ዳር ሆነሽ ወረቀት ላይ ቁጠሪለት፣ ስንት ጥያቄ፣ ስንት ትዕዛዝ፣ ስንት "ተው"፣ ስንት የተለየ ምስጋና። ቴራፒስትሽም ሴሽኑ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች ዝም የምትለው እየቆጠረች ስለሆነ ነው። ወደ ሁለተኛው ደረጃ ለመሻገር በ5 ደቂቃ ውስጥ 10 ለይቶ ማመስገን፣ 10 መልሶ ማለት፣ 10 መግለጽ ያስፈልጋል፣ የተከለከሉት ሦስቱ ደግሞ ተደምረው ከ3 መብለጥ የለባቸውም። ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው! ስለዚህ "መቼ ነው ስለ ቅጣት የምናወራው" ለሚለው ጥያቄሽ መልሱ እነዚህ ቁጥሮች ላይ ስትደርሺ ነው። ቴራፒስትሽን "ባለፈው ሳምንት ስንት ነበርኩ" ብለሽ ጠይቂያት፣ ልትነግርሽ ይገባል፣ ደስም ይላታል።

ቤት የሚሰጣችሁን የ5 ደቂቃ ልዩ ጊዜ ደግሞ በየቀኑ አድርጉት፣ በየቀኑ ስል እህቱን የነከሰበትም ቀን ጭምር ማለቴ ነው። ብዙ ወላጅ ይሄን ጊዜ እንደ ቅጣት ይነጥቀዋል፣ "ዛሬ ስላጠፋህ የለም" ይላል። አይደረግም። ያ 5 ደቂቃ መድኃኒቱ ነው፣ በታመመበት ቀን መድኃኒቱ አይነጠቅም። ብሎክ፣ መሳያ ከለር፣ ትንንሽ መኪናዎች ጥሩ ናቸው፣ መሸናነፍ ያለበት ጨዋታ ወይም የጦር መሳሪያ መጫወቻ ግን ይቅር። በመሃል ቢነጫነጭ፣ ድምጹን ቢያበላሽ ፊትሽን ዞር አድርገሽ በራስሽ ብሎክ ተጫወቺ፣ ልክ ሲረጋ ወዲያው ተመለሺለት፣ የመመለሷ ፍጥነት ናት ቁልፏ። ቢማታ ወይ ቢነክስ ግን ዝም አይባልም፣ የዛን ቀን ልዩ ጊዜ እዛው ላይ ያበቃል።

ወደ ሁለተኛው ደረጃ ስትገቢ ትዕዛዝ አሰጣጥ ትማሪያለሽ፣ በኛ ቋንቋ ይሄ ብዙ ስራ አለው። እኛ ትዕዛዛችን ወይ ልመና ነው፣ "እስቲ መጫወቻህን ታነሳልኛለህ የኔ ጌታ?" (ጥያቄ ስለሆነ "አላነሳም" ማለት መብቱ ነው)፣ ወይ የጋራ ነው፣ "በል እናንሳ" (ማን ነው የሚያነሳው?)፣ ወይ ጭጋግ ነው፣ "ሥነ ሥርዓት ያዝ! አርፈህ ተቀመጥ! ተው!" የ4 ዓመት ልጅ "ተው" ሲባል የሚሰራውን እንዲያቆም ገባው እንበል፣ በምትኩ ምን እንዲያደርግ ግን ማን ነገረው? የሚሰራው ትዕዛዝ አጭር ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ አታድርግ ሳይሆን አድርግ ይላል፣ ድምጹም የተለመደው ድምጽ ነው፣ "ብሎኩን ሳጥኑ ውስጥ ክተተው"። ምክንያት መንገር ካለብሽ ከትዕዛዙ በፊት ወይ ከታዘዘ በኋላ ነው፣ በመሃል ከሆነ ክርክር ይከፈታል። ከዛ 5 ሰከንድ ዝም ብለሽ ትጠብቂያለሽ፣ ሳትደግሚ። "ስንቴ ልንገርህ?" የምንለው እኮ ልጁ የመጀመሪያዎቹ አራት ትዕዛዞች እንደማይቆጠሩ ራሳችን ስላስተማርነው ነው።

ከታዘዘ ወዲያው ለይተሽ ታመሰግኚዋለሽ። ካልታዘዘ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ "ብሎኩን ካልከተትክ ታይምአውት ወንበር ላይ ትቀመጣለህ" (ታይምአውት ማለት ልጁ ከጨዋታና ከትኩረት ተለይቶ ለአጭር ጊዜ የሚቀመጥበት ነው)፣ እንደገና 5 ሰከንድ፣ ከዛ ወንበሩ። እዛ 3 ደቂቃ ይቀመጣል፣ በመጨረሻ 5 ሰከንድ ጸጥ ካለ በኋላ "ብሎኩን ለመክተት ዝግጁ ነህ?" ተብሎ ወደዛችው ትዕዛዝ ይመለሳል። የመጀመሪያዋ ትዕዛዝ አትጠፋም፣ ብዙ ሰው ታይምአውት ሰራሁ እያለ የማይሰራለት ይሄን ስለሚረሳ ነው፣ ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከስራው ከዳነ ወንበሩ ሽልማት ሆነ ማለት ነው። ግን አደራ፣ ይሄን አንብበሽ ዛሬውኑ ቤት እንዳትጀምሪው። መጀመሪያ ክሊኒክ ውስጥ ኢርፎኑ ጆሮሽ ላይ ሆኖ ነው የሚሰራው፣ ከወንበሩ ሲነሳ ሲማታ ምን እንደምታደርጊ እዛው ታያለሽ፣ መጀመሪያ ሰሞን ደግሞ መጮሁ ሊብስ ይችላል ምክንያቱም ድሮ ይሰራ የነበረው ጩኸት ለምን እንዳልሰራ ግራ ገብቶት ከፍ አድርጎ ይሞክረዋል። እዛች ሰዓት ላይ ከተሸነፍሽ የባሰውን ጩኸት አስተማርሽው፣ ስለዚህ ብቻሽን ሆነሽ ባትጀምሪው ይሻላል።

መቼ ያልቃል ካልሽ፣ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 20 ሴሽን ይሆናል፣ ግን የሚያልቀው በቀን ቆጠራ አይደለም። በየሳምንቱ የምትሞዪው 36 ጥያቄ ያለበት ቅጽ አለ አይደል፣ እሱ ላይ ከየጥያቄው ከ1 እስከ 7 የሰጠሽው ነጥብ ተደምሮ ወደ 114 ወይም ከዛ በታች ሲወርድ፣ ያንቺም ችሎታ ሲሞላ፣ አንቺም ራስሽ "አሁን እችለዋለሁ" ስትዪ ነው። የመጀመሪያ ቀን የሞላሽውን ቅጽ አሳዪኝ በያት፣ ከዛሬው ጋር አስተያዪው።

ጥያቄ፦

እኔ አባት ነኝ። ባለቤቴ ናት ቴራፒውን የምትከታተለው፣ እኔ ስራ ስለሚበዛብኝ አልሄድም። ማታ ስገባ ልጁ ለሷ ይታዘዛል ለኔ ግን አይታዘዝም፣ እሷ ደግሞ "አንተ ታበላሽብኛለህ" ትለኛለች። 5 ደቂቃ ጨዋታ ይሄን ይለውጣል ብሎ ማመን ከብዶኛል።

መልስ፦

ወንድሜ፣ ለሷ መታዘዙን ራስህ መስክረሃል እኮ፣ እንዴት እንደመጣ ደግሞ እሷ ታውቃለች። ልጆች ከማን ጋር ምን እንደሚያዋጣ በደንብ ይለያሉ፣ ካንተ ጋር ገና የድሮው ሕግ ነው ያለው። ሁለት ወላጅ ያለበት ቤት ሁለቱም ቢገቡ ይመረጣል፣ ካልቻልክ ቢያንስ ልጁ ሳይኖር ለወላጅ ብቻ የሚሰጡ ሁለት የማስተማሪያ ሴሽኖች አሉ፣ አንዱ ጨዋታው ሲጀመር ሌላው ትዕዛዙ ሲጀመር፣ እነሱን አትቅር። 5 ደቂቃዋን በተመለከተ ትንሽ የሆነችው ሆን ተብሎ ነው፣ ስራ የሚበዛበት ሰው በየቀኑ ሊያደርጋት እንድትችል። ስልክህን ሌላ ክፍል ትተህ ለ2 ሳምንት ሞክረው፣ ያንተና የልጁ ብቻ የሆነች ጨዋታ ትሁን፣ እሷ አትግባበት። በመሃል እሷ ስታዝዘው አንተ አትጨምርበት፣ አንተ ስታዝዝም እሷ አትሻርብህ። ይሄን ልጁ በሌለበት ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦

እኔ የ5 ዓመት የልጅ ልጄን የማሳድግ አያት ነኝ። እናቷ ይዛት ሕክምና ትሄዳለች፣ እኔን ግን "አትቆጧት፣ አትምቷት፣ አመስግኗት" ትለኛለች። እኔ ልጆቼን እንዲህ አላሳደግኩም፣ ሁሉም ሰው ሆነዋል። ምስጋና ሲበዛ ልጅ አይሞላቀቅም ወይ?

መልስ፦

እማማ፣ ጥያቄዎን በጣም ነው የወደድኩት ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያስበውን ነው በግልጽ ያሉት። ልጆችዎ ሰው የሆኑት በዱላው ነው ብዬ ግን አላምንም እማማ። እርስዎ ሌሊት ሲነሱ ሲያድሩ፣ ሲሰሩላቸው፣ አጠገባቸው ሲሆኑ ነው ሰው የሆኑት፣ ዱላው ያን ያህል አልረዳዎትም። በዚህ ላይ ብዙ ጥናት ተሰርቷል፣ ወላጅ የሚመታቸው ልጆች ጠበኛነታቸው እየጨመረ ነው የሚሄደው፣ የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2018 ወላጆች ልጅ እንዳይመቱ በግልጽ መክሯል።

ልጅ የሚሞላቀቀው ያልሰራው ነገር ሲመሰገን እና ያለቀሰለት ነገር ሁሉ ሲሰጠው ነው፣ ይሄኛው ግን የሰራችውን ነገር በስሙ ጠርቶ ማመስገን ነው፣ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ደግሞ ሕክምናው ቅጣት የለውም ብለው አይስጉ፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ትዕዛዝ የማትፈጽም ልጅ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ነው የሚጠብቃት፣ ከዱላ በላይ ጥብቅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፣ ምክንያቱም ዱላ የሚመጣው ሰው ሲናደድ ብቻ ነው። አንድ ነገር ልለምንዎት፣ እናቷ አንዴ ይዛዎት ትሂድና ከመስታወቱ ጀርባ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ቀኑን ሙሉ እርስዎ ጋ የምትውል ከሆነ መሰልጠን ያለብዎት እርስዎም ነዎት፣ አያቶችና ሌሎች አሳዳጊዎችም ይገባሉ። እናቷ ስለ ሕክምናው ስታዝዝዎት ቅር ብሎዎት ከሆነም ልክ ነዎት፣ እሷ ቁጭ ብላ ልታስረዳዎት ይገባ ነበር።

ጥያቄ፦

ልጄ 5 ዓመቷ ነው፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ከመጠን በላይ የመንቀዥቀዥ ችግር) አለባት ተብሏል። ሐኪሙ መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት የወላጅ ስልጠና ውሰዱ አለን። ጊዜ እያባከንን አይደለም ወይ? በሽታው እኮ የጭንቅላት ነው።

መልስ፦

አይደለም፣ ሐኪምሽ ልክ ነው። ዕድሜዋ ከ6 በታች ስለሆነ የመጀመሪያው ሕክምና የወላጅ የባህሪ ስልጠና ነው፣ የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም የሚለው ይሄንኑ ነው፣ እሱ ተሞክሮ በቂ ለውጥ ካልመጣና ችግሩ ከባድ ከሆነ ነው መድኃኒት የሚታሰበው። በዚህ ዕድሜ መድኃኒቱ የሚሰጠው ጥቅም ከትልልቆቹ ልጆች ያነሰ ነው፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም ይበዛል። የጭንቅላት ነው ያልሽው እውነት ነው፣ ስልጠናውም አንቺ አበላሸሻት ማለት አይደለም፣ ትኩረቷ ቶሎ የሚበተን ልጅ ከሌላ ልጅ የበለጠ አጭርና ግልጽ ትዕዛዝ፣ ቶሎ የሚመጣ ምስጋና ትፈልጋለች፣ ያን መስጠት ደግሞ ይለመዳል። ፒሲአይቲ ብቻ አይደለም ያለው፣ በቡድን የሚሰጡ የወላጅ ስልጠናዎችም አሉ፣ ሐኪምሽ የትኛው እንደሚገኝ ይንገርሽ። እስከዛው ጆሮዋ በደንብ እንደሚሰማና እንቅልፏ ጤነኛ እንደሆነ ታይቷል? ካልታየ ይታይላት፣ የማይሰማ ልጅ ወይ ያልተኛ ልጅ አልታዘዝ ያለ ይመስላል።

ጥያቄ፦

እኛ ባለንበት እንዲህ ዓይነት ቴራፒስት የለም። በቪዲዮ ይቻላል? ካልሆነስ ከየት ልጀምር? ልጄ 3 ዓመቱ ነው።

መልስ፦

በቪዲዮ ይቻላል፣ በጥናትም ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አግኝቷል፣ እንደውም ልጁ በራሱ ቤት በራሱ መጫወቻ ስለሚታይ ቴራፒስቱ እውነተኛውን ነገር ያያል። የሚያስፈልገው ስልክ ወይ ላፕቶፕ ክፍሉን በሚያሳይ ቦታ ማቆም፣ ገመድ የሌለው ኢርፎን፣ በሩ የሚዘጋ ክፍልና ጥሩ ኢንተርኔት ነው።

እሱም ካልተገኘ ልዩ ጊዜዋን ጀምሪያት፣ 5 ደቂቃ፣ በየቀኑ፣ ከላይ ለመጀመሪያዋ እህታችን በጻፍኩት መንገድ፣ እሷን ማድረግ ማንንም አይጎዳም። የታይምአውቱን ክፍል ግን ባለሙያ እስክታገኚ ተይው። ቀን ላይ ትዕዛዞችሽን ቀንሺ፣ የእውነት የማትፈልጊውን ነገር አትዘዢ፣ ያዘዝሽውን ግን አስፈጽሚ።

ሐኪም ጋ ቶሎ መሄድ ያለብሽ፣ ያወራ የነበረ ልጅ ማውራት ካቆመ፣ ራሱን የሚጎዳ ከሆነ፣ ወይም ቁጣው ድንገት ከአንድ ክስተት በኋላ የጀመረ ከሆነ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚደበደብ ሰው ካለም ጭምር፣ ያኔ ከልጁ ባህሪ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። አንቺም ጠዋት ከአልጋ መነሳት እያቃተሽ፣ ዝም ብሎ እያስለቀሰሽ ከሆነ ለራስሽም ሐኪም አናግሪ። ከዛ ከ3 ሳምንት በኋላ ጻፊልኝ፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ለይተሽ እንዳመሰገንሽው ቆጥረሽ።